እርማት፦ የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት ለጀማሪ ብቻ አይደለም

እዚህ ጎንደር ሬዚደንት (በስፔሻሊስትነት ሥልጠና ላይ ያሉ) ሐኪሞች ስለሚማሩት የታካሚ ደኅንነት በተሰጡት አስተያየቶች ውስጥ «ቼክሊስት (የማረጋገጫ ዝርዝር) ለጀማሪ እንጂ ልምድ ላለው ቀዶ ሐኪም አያስፈልግም» የሚለው ሐሳብ ስለተደጋገመ፣ በአክብሮት ላርመው እወዳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ19 ነጥብ ቼክሊስት የሚፈትሸው የአንድን ሰው ችሎታ ሳይሆን የቡድኑን መናበብ ነው፤ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ፣ ቆዳ ከመቀደዱ እና ታካሚው ከቀዶ ሕክምና ክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። በ2009 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የታተመውን፣ በስምንት ከተሞች የተካሄደውን ጥናት አውጥቶ ያነበበ፣ ቼክሊስቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የቀዶ ሕክምና ታካሚዎች የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ መውረዱን ያገኛል (ጥናቱ የበፊትና የኋላ ንጽጽር በመሆኑ ለውጡ ሁሉ የቼክሊስቱ ነው አልልም)። ጉዳቱ የሚመጣው ሬዚደንቱ ከሲኒየሩ (ከነባሩ ሐኪም) አይቶ ወረቀቱን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በጅምላ መሙላት ሲለምድ ነው፤ ያኔ በታካሚው ሰውነት ውስጥ ምንም እንዳይቀር የሚደረገው የጎዝ (ደም መምጠጫ ጨርቅ) እና የመሣሪያ ቆጠራ ሳይደረግ «ተደርጓል» ተብሎ ይመዘገባል።