«ድሮ ካንሰር የት ነበር?» ለሚሉን

ፒያሳ ማኪያቶ ሲጠጣም ሆነ ቸርችል ጎዳና ላይ ታክሲ ሲጠበቅ፣ አንድ የምናውቀው ሰው በካንሰር ሞተ ከተባለ የሚከተለው ንግግር አስቀድሞ ይታወቃል፤ «ድሮ እኮ ካንሰር የሚባል ነገር አልነበረም!» ከዚያ ክሱ ይጀመራል። የሚረጋው ዘይት፣ ማዳበሪያው፣ በፌስታል የሚቋጠረው ትኩስ ምግብ፣ የሞባይል ምሰሶው፣ ሁሉም በየተራ ችሎት ይቀርባሉ። ከተከሳሾቹ አንዳንዱ ጥፋት ይኖርበት ይሆናል። መነሻው ግን ስህተት ነው፤ ያውም ሰው የሚጎዳ ስህተት።

ዓባይ አፈራችንን ይዞ በሚያልፍበት በሰሜን ሱዳን፣ አማራ ዌስት በሚባል ጥንታዊ ስፍራ፣ 3 ሺህ ዓመት ግድም ያስቆጠረ የአንድ ወጣት አጽም ተገኝቷል። ዕድሜው ከ25 እስከ 35 ይገመታል። ካንሰሩ ከትከሻው እስከ ጭኑ ተሰራጭቶ አጥንቱን በሳስቶታል። ወደ ግብፅ ብንወርድ ደግሞ ከ3,600 ዓመት በፊት የተገለበጠ የሕክምና ፓፒረስ አለ። ለብዙው ጉዳት መፍትሔ የሚዘረዝረው ይህ ጽሑፍ፣ ዛሬ የጡት ካንሰር ሳይሆን አይቀርም የሚባለው እብጠት ላይ ሲደርስ «ሕክምና የለውም» ብሎ ያልፋል።

ወደ ኋላ እንሂድ ካልን ገና ብዙ አለ። አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም የምናውቃት ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ሆኗታል። ከእሷ ዘመን በኋላ በደቡብ አፍሪካ፣ ስዋርትክራንስ ዋሻ አካባቢ ከኖረ የሰው ዘመድ የተረፈ አንድ የእግር አጥንት ላይ የአጥንት ካንሰር ታይቷል፤ 1.7 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ ነው። ካናዳ ውስጥ ደግሞ ከ76 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ ዳይኖሰር በዚሁ በሽታ ተይዞ ነበር። የሚረጋ ዘይት አልበላም።

ነገሩ ከሰውነታችን አሠራር ይጀምራል። ሴል ሲከፋፈል የዘር መመሪያውን ይገለብጣል። ብራና ላይ ሲገለብጥ የኖረ ቁም ጸሐፊ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ከሺህ ቅጠል አንዱ ላይ ፊደል ይገድፋል፤ ሴልም እንዲሁ። አብዛኛውን ግድፈት ሰውነት ራሱ ያርማል። ሳይታረም የቀረው ለዓመታት ይጠራቀምና ሴሉ ማቆሚያ የሌለው መራባት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ካንሰር በአብዛኛው ዕድሜ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ የኢትዮጵያዊ አማካይ ዕድሜ 40 ዓመት ግድም ነበር፤ አሁን ከ65 በላይ ነው። ያኔ ብዙው ሰው በወባው፣ በተስቦው፣ በወሊዱ ቀድሞ ይሄድ ነበር። የቀረውም ቢሆን ናሙና ወስዶ የሚመረምርለት ማን ነበር? «ሆዷን ሲያማት ቆይታ አረፈች»፣ «ቁስሉ አልሽር ብሎ»፣ «መተት አስደርገውበት» ይባልና ይቀበራል። አያቶቻችን ካንሰር አልነበረባቸውም ከምንል አልተነገራቸውም ብንል ይቀርባል።

እርግጥ ተቃራኒውን የሚሉ ምሁራንም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት ተመራማሪዎች በሙሚዎች (እንዳይበሰብሱ ተደርገው በቆዩ ጥንታዊ አስከሬኖች) እና በጥንታዊ አጽሞች ላይ ካንሰር እጅግ ብርቅ መሆኑን አንስተው፣ በሽታውን ያበዛው የዛሬው አኗኗር ነው ብለው ነበር። አላሳመኑኝም። ለስላሳው አካል በስብሶ ከሚቀር አጽም፣ ሙሚም ቢሆን በወጣትነቱ ከሞተ ሰው፣ ብዙ ካንሰር መጠበቅ ከባድ ነው። ሲጋራ ላይ ግን እውነታቸውን ነው። የሳንባ ካንሰር ሲጋራ በፋብሪካ መመረት ከመጀመሩ በፊት ብርቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1950 እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ የወጡት ጥናቶች ነገሩን ገሃድ አወጡት። ፋብሪካው ጥላሸትና ኬሚካል ይዞ መጥቷል፤ ይህን የሚክድ የለም።

የእኛ አገር እውነታ ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚበዛው የማህፀን በር ካንሰር ነው፤ መነሻውም ሁሉም ማለት ይቻላል ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ይህንን ያሳየው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ2008 ኖቤል ተሸልሞበታል። ቫይረሱ ከሰው ልጅ ጋር የኖረ ጥንታዊ እንግዳ ነው። ለጉበት ካንሰር የሚዳርገው ሄፓታይተስ ቢም ከ4 ሺህ ዓመት በላይ ካስቆጠሩ አጽሞች ውስጥ ተገኝቷል። ለሁለቱም ክትባት አለ። የበሽታው መነሻ ጥንታዊ፣ መከላከያው ደግሞ የትናንት ነው፤ እኛ ግን ገልብጠን ይዘነዋል።

ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ካንሰር የዘመናዊ አኗኗር ቅጣት ከሆነ የታመመ ሁሉ ጥፋተኛ ይሆናል። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እህት መጀመሪያ የምትሰማው «ምን ስትበይ ኖረሽ ነው?» ነው። ባቄላ ቆርጥማ፣ ጾም ሳታጓድል የኖረችው ደግሞ «እኔን አይነካኝም» ብላ ትቆያለች። ሁለቱም ዘግይተው ይመጣሉ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥ ብቸኛው ቦታ ሆኖ ሲኖር፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ተራ የሚጠብቀው ሕመምተኛ በብዛት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ የደረሰ ነበር። አሁን ሕክምናው ወደ ሌሎች ከተሞችም እየወጣ ነው፤ የመዘግየቱ ነገር ግን በማሽን ብቻ አይፈታም።

የሚገርመኝ ደግሞ ስለ ክትባቱ የሚወራው ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የኤችፒቪ ክትባት ይሰጣል፤ ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጆች ነበር። ካንሰርን ዘመን አመጣሽ ነው የሚለው ሰው ራሱ ተመልሶ «ልጆቻችንን ሊያመክኑ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ዘይቱን ለመተው ቤቱን ሙሉ የሚቆጣ አባወራ፣ የልጁን የክትባት ቀን ትምህርት ቤቱ ሲያሳውቀው «እስቲ ይቆይ» ይላል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ባለቤቱም የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ በጤና ጣቢያ ማግኘት ትችላለች፤ ደቂቃዎች የሚፈጅ ነገር ነው። ስለ ዘይቱ የሚደረገው ክርክር ከዚያ በላይ ይወስዳል።