የመንደራችን የመንገድ መብራት ወደ ፀሐይ ኃይል ይዙር?

ከአያት አለፍ ብሎ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጠርዝ በሚገኘው መንደራችን የውስጥ መንገዱን የሚያበሩት 22 ባለ 150 ዋት የሶዲየም አምፖሎች ሲሆኑ፣ ሒሳባቸው የሚከፈለው በቤት ባለቤቶች ማኅበሩ የጋራ ቆጣሪ ነው። ሁሉም በፀሐይ ኃይል በሚሠሩ መብራቶች እንዲተኩ ለጠቅላላ ጉባኤው ሐሳብ በመቅረቡ፣ ሐሳቡን ያመነጩት ነዋሪና የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ክርክራቸውን በጽሑፍ አቅርበዋል።

ደጋፊዋ፦

እኔን የሚያሳስበኝ ከቆጣሪው ሒሳብ ይልቅ ጨለማው ነው። መብራት ሲሄድ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሻማ ይለኩሳል፤ መንገዱን ግን የሚያበራለት የለም። ባለፈው ኅዳር መብራት በጠፋበት አንድ ሌሊት ለኪዳን ወጥቼ፣ ከኋለኛው በር እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ የተጓዝኩት አጥሩን በእጄ እየዳበስኩ ነበር። ከባሕር ዛፉ በኩል ጅብ ይጮሃል፤ ከፊቴ ደግሞ ለመጀመሪያው ታክሲ የምትጣደፍ አንዲት ጎረቤቴ በስልኳ ብርሃን ክፍቱን ቦይ ትፈልጋለች። አሁን ያሉን አምፖሎች አጥብቀን በምንፈልጋቸው ሰዓት ከቤታችን መብራት ጋር አብረው ይጠፋሉ። የራሱ ፓኔልና ባትሪ ያለው መብራት ግን መስመሩ ቢቋረጥም ማብራቱን ይቀጥላል።

ተቃዋሚው፦

መንገዱ መጨለሙን አልክድም፤ ከዚሁ መንደር ነው የምኖረው። ይሁን እንጂ የአባላት መዋጮ በእጄ ስላለ ሒሳቡን ሳላሳይ ማለፍ አልችልም። አንዱ የሶዲየም አምፖል ከነባላስቱ (ወደ አምፖሉ የሚገባውን ኤሌክትሪክ ከሚመጥነው ዕቃ ጋር) ወደ 170 ዋት ስለሚወስድ፣ 22ቱ 12 ሰዓት በሚዘልቅ ሌሊት ወደ 45 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ። በዚያው ምሰሶ ላይ ባለ 40 ዋት ኤልኢዲ ብንሰቅል ፍጆታው ከ11 ኪሎዋት ሰዓት በታች ይወርዳል። እንግዲህ ከወጪው ሦስት አራተኛውን የሚያስቀርልን አምፖሉን መቀየሩ ብቻ ነው፤ ፓኔሉና ባትሪው የሚቆጥቡልን ቀሪዋን አንድ አራተኛ ነው፤ ለእርሷ ስንል ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ልንገዛ ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የእንዲህ ያለ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለማንም አይሰወርም።

አንዳንድ አባላት የአካባቢ ጥበቃን ያነሣሉ። ነገር ግን ከአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ከሰል በሚነድበት አገር የሚያስኬደው ክርክር እዚህ አያስኬድም።

የጥራቱ ጉዳይ ደግሞ አለ። ባለፈው ዓመት ለግቢዬ በር የገዛሁት የሶላር መብራት ካርቶኑ ላይ «300 ዋት» ተብሎ ታትሞበታል። ፓኔሉን ስለካው ግን የአንድ ኤፎር ወረቀት ያህል ሆኖ አገኘሁት፤ ያን የሚያህል ፓኔል በጠራራ ፀሐይ እንኳ ከ12 ዋት ብዙም አያልፍም። በሐምሌ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ይጠፋብኝ ነበር።

ደጋፊዋ፦

ስለ ውኃ ኃይሉ ያሉት እውነት ነው፤ እኔም አካባቢ ጥበቃን ምክንያት አላደረግሁም። ኤልኢዲው ወጪ እንደሚቀንስም እቀበላለሁ፤ ነገር ግን መስመር ሲቋረጥ እርሱም ይጠፋልና የኅዳሯን ሌሊት አይመልስልኝም።

ክረምቱን በቁጥር እንየው። ባለ 40 ዋት አምፖል እስከ እኩለ ሌሊት በሙሉ ኃይሉ፣ ከዚያ እስከ ንጋት በግማሽ ቢሠራ በሌሊት 360 ዋት ሰዓት ይበቃዋል። የክረምቱን ብርሃን በቀን የ4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ብቻ ብንቆጥረው፣ በአቧራ፣ በሽቦና በባትሪ ለሚባክነውም 30 በመቶ ብንቀንስ፣ ባለ 150 ዋት ፓኔል 420 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ለደመናማ ቀናት ሁለት ሌሊት የሚያሻግር ወደ 900 ዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ያስፈልጋል፤ ይህ ዓይነቱ ከ2,000 ጊዜ በላይ ሊሞላ ስለሚችል ከ5 ዓመት በላይ ያገለግላል። አቀማመጡም ዕውቀት ይጠይቃል። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በሰኔ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን በኩል ታልፋለች፤ ስለዚህ ፓኔሉን ወደ ደቡብ አብዝቶ ማጋደል በክረምት ይጎዳናል፤ ዝናቡ አቧራውን እንዲያጥበው ጥቂት ዘንበል ማለቱ ይበቃል።

እርስዎ የገዙት መብራት የጠፋው ፓኔሉ ስላነሰ እንጂ ፀሐይ ስላነሰች አይደለም። ሃያ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መግዛት ከከበደን ከኋለኛው በር እስከ አስፋልቱ ባሉት 5 ምሰሶዎች እንጀምር።

ተቃዋሚው፦

በ5ቱ እስማማለሁ፤ የጠቀሷቸው መጠኖች ግን በውሉ ላይ በቁጥር ይስፈሩ፤ ካርቶን ላይ የታተመ ዋት ተቀባይነት አይኑረው። ባትሪው እንዳይሰረቅ ከምሰሶው ጫፍ በተቆለፈ የብረት ሳጥን ይቀመጥ፤ ፓኔሉን በበጋ በየወሩ የሚወለውለው ሰውም ከወዲሁ ይመደብ። ተከላው ከሰኔ በፊት ካለቀ በነሐሴ ለ7 ተከታታይ ሌሊቶች ከንጋቱ 10 ሰዓት ላይ እኔ ራሴ ወጥቼ አያቸዋለሁ። አምስቱም በርተው ካገኘኋቸው ለቀሪዎቹ 17 ምሰሶዎች በጀቱን አዘጋጅቼ አቀርባለሁ፤ አንዱ እንኳ ከጠፋ ቀሪዎቹ በኤልኢዲ እንዲቀየሩ ጉባኤውን ድምፅ እጠይቃለሁ።