ቦቢ የሚባል ዕቃ

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ከሥራ ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም። የምትንከባከባቸው ሽማግሌ ወደ ልጃቸው ቤት ሊጠቃለሉ ዕቃቸውን ሲያድሉ ለእሷም ደርሷታል። ነጭ፣ ቁመቱ ከወገቤ ዝቅ ያለ፣ ጎማ ያለው የፕላስቲክ ባለመሳቢያ። ከሜትሮ ጣቢያ እስከ ቤት እየገፋችው ነው የመጣችው። ሚላን ውስጥ ሰው ምን ቢገፋ ዞሮ የሚያይ የለም። የዞሩት ሐበሾቹ ብቻ ናቸው አለች።

«ስሙ ቦቢ ነው» አለችኝ ገና በሩን ሳትዘጋ።

«ማን አወጣለት?»

«ስሙ ነዋ! ሲፈጠርም ቦቢ ነው።»

እኔ ባደግኩበት ሰፈር ቦቢ የማይባል ውሻ ማግኘት ከባድ ነበር። አንዱ «ቦቢ!» ብሎ ሲጣራ አራት ግቢ ይጮኻል። ነገሩን ለመልመድ ጊዜ ፈጀብኝ።

ሽማግሌው አርክቴክት ነበሩ። ቦቢም የተሠራው ለእሳቸው ቢጤ ነው። የነደፈው የሚላኑ ተወላጅ ጆ ኮሎምቦ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1970 ነው። ለኮሎምቦ ቤተሰቡ ያወጣለት ስም ግን ቼዛሬ ነበር። (እኛም ሰፈር ዮሐንስ «ጆኒ» ተብሎ ነው ያደገው፤ አልፈርድም።) ሰውየው ኑሮ እንዴት ይቅለል እያለ የሚብሰለሰል ነበር። በ1964 እግሩ ከመሐል ሸሽቶ ወደ ጠርዝ የሄደ ብርጭቆ ነድፏል። ለምን ቢሉ፣ በአንድ እጅ መጠጡንም ሲጋራውንም ለመያዝ። አንድ የሐበሻ ሰርግ ላይ ቢጋበዝ ኖሮ ሳህን፣ ብርጭቆና የትከሻ ሰላምታን በአንድ ላይ የሚያስኬድ መላ ያመጣልን ነበር። አልታደልንም። በ1971፣ ልክ 41 ዓመት በሞላው ዕለት ሞተ።

የቦቢ ትልቁ ጉድ መሳቢያው ነው። አይሳብም። አንድ ጥጉ ላይ በዘንግ ተይዞ እንደ በር ወደ ጎን ይዞራል። ይህን የማያውቅ እንግዳ ግን ወደ ራሱ ይጎትታል። ዕቃው ባለ ጎማ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የመጣ ወዳጃችን የቢራ መክፈቻ ሊያወጣ መሳቢያውን ሳብ ሲያደርግ፣ ቦቢ ከነሙሉ ሰውነቱ ተከትሎት መጣ። እንደገና ሳበ። እንደገና መጣ። ሦስተኛው ላይ ጉልበቱን መታው።

«ስሙን ሰምቷል ማለት ነው» አልኩ።

የዚያን ቀን ቦቢ ያልተሰደበው ስድብ የለም። አንዷ «ፀጉር ቤት ልትከፍቱ ነው?» አለች። እውነቷን ነው፣ እዚህ ፀጉር ቤቶች ቢጉዲናቸውን የሚያስቀምጡበት ጋሪ እሱን ይመስላል። ሌላው «ባለቤትሽ ኮመዲኖ መግዛት ቸገረው?» አላት።

ውስጡን ባያዩ ደግ ነበር። ኮሎምቦ መሳቢያዎቹን ለእርሳስ፣ ለማስመሪያና ለቀለም ነው ያሰባቸው። የእኛ የመጀመሪያው መሳቢያ ውስጥ ይሙቱ ይኑሩ የማይታወቁ ባትሪዎች፣ የሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) ፎቶ ኮፒና አዲስ አበባ ያለ የፈረሰ ቤት ቁልፍ አሉ። ሁለተኛው በፌስታል የተቋጠረ በርበሬ ነው። ሦስተኛው ውስጥ ካቻቪቴና ፒንሳ ተጋድመዋል። ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ አገር ስለሆነ ከቦቢ ጋር እንደ ዘመድ ይግባቡ ይሆናል። ለተጠቀለለ ንድፍ ተብሎ የተተወው ጥልቅ ጉድጓድ ማማሰያ ቆሞበታል።

ያ ጉልበቱን የተመታው ወዳጃችን በቂም ስልኩን አውጥቶ ፈለገው። ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ።

«ኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አለ ይላል።» ዝም ብሎ ጥቂት አነበበ። «ዛሬም ይመረታል። አዲሱ በመቶዎች ዩሮ ነው!»

ቤቱ ጸጥ አለ። «ፀጉር ቤት» ያለችው እንግዳ ተነስታ በመዳፏ ዳሰሰችው። «ድሮም ሳየው ዲዛይኑ ለየት ያለ ነው ብያለሁ» አለች። አላለችም። «ኮመዲኖ» ያለው ሰውዬ ቢራውን ከቦቢ ራስ ላይ አንስቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። እኔም ልዋሽ አልችልም፣ በርበሬው አሳፈረኝ። ማታውኑ አወጣሁት።

ከዚያ በኋላ ቦቢ በእኛ ላይ ሠለጠነ። እንግዳ ሲመጣ ወደ መብራቱ እናስጠጋዋለን። ጨዋታ ደረቅ ሲል ባለቤቴ «ይሄ እኮ…» ብላ ትጀምራለች። ማንም ምንም አያስቀምጥበትም። ዕቃ ማስቀመጫ ላይ ዕቃ አይቀመጥም!

ይህ የቀጠለው የባለቤቴ አክስት ከሮም እስኪመጡ ነው። ገና ሲገቡ «ቦቢን ወደዚያ ግፊው» ስንባባል ሰምተው ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ውሻ ታሳድጋላችሁ እንዴ?» አሉ። ስለ ሙዚየሙ ነገርናቸው። አዳመጡ። ቡና ቆሉ፣ አፈሉ። ሁለተኛው ሲንተከተክ ጀበናውን ከእሳቱ አንስተው ቦቢ መሐል አናት ላይ ቁጭ አደረጉት።

ማንም አልተነፈሰም። የአሥር ሴኮንድ ነገር ነው። ሲያነሱት፣ ፕላስቲክ ነውና፣ የጀበናው ቂጥ በክብ ታትሞ ቀረ።

«ምነው ደነገጣችሁ? ሙዚየም ያለው ሌላው አይደል?» አሉ።

በማግስቱ ከሻንጣቸው ነጭ ዳንቴል አወጡና ጠባሳው ላይ አነጠፉበት። ጫፉ በአራቱም በኩል እኩል እስኪንጠለጠል አስተካከሉት። ሲኒዎቹን ደረደሩበት። አንዱን መሳቢያ ስኳር፣ አንዱን ዕጣን ሞሉት። በርበሬውም ወደ ቦታው ተመለሰ። ራቅ ብለው አዩትና «አሁን ዕቃ መሰለ» አሉ።

ከዚያ ስኳሩን ሊያወጡ መሳቢያውን ሳብ አደረጉ። ሲኒዎቹ እየተንቀጫቀጩ፣ ዳንቴሉ እየተወዛወዘ፣ ቦቢ ወደ እሳቸው መጣ።

«ሂድ ወዲያ!» አሉት።