የ«ላ ዶልቼ ቪታ» ጥፊ ለምን ተረሳ?

ወርቃማ ፀጉር ያላት ተዋናይት ጥቁር ቀሚሷን እንደለበሰች በሌሊት ሮም ከሚገኘው የትሬቪ ፏፏቴ ገንዳ ትገባለች። መልከ መልካም ጋዜጠኛ ይከተላታል። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ፌዴሪኮ ፌሊኒ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን «ላ ዶልቼ ቪታ» («ጣፋጩ ሕይወት») የተባለ ፊልም ያላየ ሰው እንኳ ይህን ምስል ያውቀዋል። ፖስተር ላይ አለ፣ ፖስት ካርድ ላይ አለ። የዝነኞችን ባዶ ኑሮ ሊያጋልጥ የተሠራ ፊልም የዝና ማስታወቂያ ሆኖ ቀረ። ይህ ያናድደኛል።

ታሪኩ እኮ እዚያ አያበቃም። ሊሳሳሙ ሲሉ ውሃው ቀጥ ይላል፤ ይነጋል። ጋዜጠኛው ማርቼሎ ተዋናይቷን ሲልቪያን ወደ ሆቴሏ ይመልሳታል። እጮኛዋ ደጅ ላይ መኪና ውስጥ ተኝቷል። ሲነቃ እሷን በጥፊ ይላታል፣ ማርቼሎን በቦክስ ይጥለዋል። ዝነኞችን የሚያሳድዱት ፎቶ አንሺዎች ሁሉንም ያነሳሉ። ፖስት ካርዱ ይህን ቆርጦ ጥሎታል።

ፌሊኒ ይህን ዓለም ከአየር ላይ አልፈጠረውም። በ1958 ሮም ውስጥ ሩጋንቲኖ በተባለ ምግብ ቤት በተደረገ የሀብታሞች ግብዣ ላይ አንዲት ዳንሰኛ ልብሷን አውልቃ ጨፍራ ነበር። ፎቶ አንሺው ታዚዮ ሴኪያሮሊ ያነሳው ፎቶ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አገር ተንጫጫ። ፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ያለው ግብዣ ያንን ምሽት ያስታውሳል። ሰዎቹ ይጠጣሉ፣ ይሳደባሉ፣ ግን ማንም አይደሰትም።

ለእኔ ግን ከመኳንንቱና ከተዋንያኑ ይልቅ የሚከብደው ማርቼሎ ነው። ሀብታም አይደለም። ሐሜት ጽፎ የሚኖር፣ አንድ ቀን ቁም ነገር እጽፋለሁ የሚል ሰው ነው። ወደ ጓደኛው ወደ ስታይነር ቤት ሲሄድ የሚመኘውን ሕይወት ያየ ይመስለዋል፤ መጽሐፍ፣ ሙዚቃ፣ ሁለት ቆንጆ ልጆች። ከዚያ ስታይነር ልጆቹን ገድሎ ራሱን ያጠፋል።

የስታይነር ሚስት ምንም አልሰማችም። ከአውቶቡስ ስትወርድ ፎቶ አንሺዎች ይከቧታል። ከተዋናይት ጋር ያምታቷት መስሏት ግራ ተጋብታ ፈገግ ትላለች። ማርቼሎ እዚያው ቆሟል፤ ለፖሊሱ የትኛዋ እንደሆነች የሚያሳየው እሱ ነው። የዚህ ፊልም እውነተኛ ክስ እዚህ ጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ዝነኞቹ ባዶ ቢሆኑ የራሳቸው ጉዳይ ነው። ያቺ ሴት ግን ዝናን አልፈለገችም፤ ገበያው መጥቶ ወሰዳት። እኛም አገር ለቅሶ ቤት ደጅ ላይ ስልክና ማይክ ደግኖ ሐዘንተኛ የሚጠብቅ ዩቲዩበር አይተናል። ቪዲዮውን ከፍተን የምናየውም እኛው ነን።

ያኔ ጣሊያን ውስጥ ብዙዎች ተቆጥተው ነበር። የቫቲካን ጋዜጣ ፊልሙን አወገዘ። ሚላኖ ላይ ፌሊኒ ላይ ተተፋበት። ፊልሙ ግን በዚያው ዓመት በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን አሸነፈ። ተቺዎቹን በአንድ ነገር እረዳቸዋለሁ፤ ፊልሙ ያማልላል። ሙዚቃው፣ ልብሱ፣ ዝነኞቹ የሚውሉበት የሮም ጎዳና የቪያ ቬኔቶ መብራት ሁሉ ያምራል። ግን ባያምር ኖሮ ማርቼሎ ለምን እዚያ እንደሚቀር እንዴት ይገባን ነበር? አስቀያሚ ወጥመድ ውስጥ ማን ይገባል? መጨረሻ ላይ ጽሑፉን ትቶ ለገንዘብ የሰው ስም የሚያገን ሆኖ እናገኘዋለን። ማንም አላስገደደው። በየምሽቱ ትንሽ ትንሽ እየተወ ነው እዚያ የደረሰው።

ፊልሙ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ታሪኩም በአንድ መስመር አይሄድም። ትዕግሥት ይጠይቃል። ካገኛችሁት ፏፏቴውን አይታችሁ አትዝጉት፤ ከዚያ በኋላ ገና ከግማሽ በላይ ይቀራል።