ንቧ ዝሆን ስታክል ማን ጮኸ?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሐዋሳ፣ የእህቴ ልጅ የምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ ነበር። እህቴ ስላልተመቻት እኔ ሄድኩላት። ስለ ክፍያ ጭማሪ የምንነታረክ መስሎኝ ነበር። የተነታረክነው ግን ስለ ማበጠሪያ ነው።

የአንደኛ ክፍል የሥዕል መምህሩ ክፍል ውስጥ አንድ ባለ ቀለም ህትመት ሰቅሎ ነበር። ሥዕሉ ቤልጂየማዊው ሬኔ ማግሪት እ.ኤ.አ. በ1952 የሣለው ነው፤ «የግል እሴቶች» ይባላል። መኝታ ቤት ነው። አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ ምንጣፍ አለ። ግን አልጋው ላይ የቆመው ማበጠሪያ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። ወለሉ ላይ የወይን ብርጭቆ እንደ ጎተራ ተገትሯል። ሳሙናው፣ የክብሪት እንጨቱ፣ ቁምሳጥኑ ላይ ያለው የጢም መላጫ ብሩሽ፣ ሁሉም ግዙፍ ናቸው። ግድግዳው ደግሞ ደመና ያለበት ሰማይ ነው። በቃ ይኸው ነው። ደም የለ፣ እርቃን የለ፣ ጭራቅ የለ።

ስብሰባው «ልጆችን ግራ ያጋባል» ብሎ አስወረደው። አንድ አባት ተነስተው «ልጄ ማበጠሪያ አልጋ ያክላል ብላ ብታድግስ?» አሉ። ተጨበጨበላቸው!

ጋሼ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎት። በሥዕሉ ቦታ ምን እንደተሰቀለ አይተዋል? ሥዕል ያለበት የፊደል ገበታ ነው። እሱ ላይ ንብ አለች፣ ዝሆንም አለ። ሁለቱም እኩል ናቸው። እንዲያውም ንቧ ትንሽ ወፈር ትላለች። እኔም እርስዎም ያደግነው በዚህ ገበታ ነው። ንብ አይቶ «ዝሆን መጣ» ብሎ የሮጠ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ደግሞስ የሐዋሳ ልጅ በማበጠሪያ ግራ ይጋባል? ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሊበላ ሲሄድ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከሱ ቁመት በልጦ፣ መላጣውን እያሳየ፣ ካፖርት እንደለበሰ ጡረተኛ ቆሞ የሚጠብቀው ልጅ? ተዉ እንጂ።

እኔን ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። «ይሄ የኛ አይደለም» የተባለው።

እንቆቅልሽስ የማን ነው? «ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ ምን ያደርጋል? ልጅቷ ማን ናት፣ የት ሄደች እያለ ያስባል። መልሱ ጤዛ ነው። ጠዋት ጠዋት እየረገጠ የሚያልፋት ጤዛ! በር የሌላት ቤት ስትባል እንቁላል ናት። ከዚያ በኋላ እንቁላል ስትሰብር ቤት አፍርሰሃል ማለት ነው። እኔ እስከ ዛሬ ትንሽ ይሰማኛል። ማግሪት ያደረገውም ይኼንኑ ነው። ከማየት ብዛት ማየት የተውነውን ዕቃ አንስቶ «እንቆቅልህ» አለን። የኛ ፋንታ «ምን አውቅልህ» ማለት ነበር። ስብሰባው ግን ጠያቂውን ከቤት አስወጣው።

መልሱ ሲጠፋስ? «አገር ስጠኝ» ይባላል። የሰባት ዓመት ልጅ ለአንዲት እንቁላል ብሎ ሐዋሳን ከነሐይቋ፣ ከነታቦር ተራራዋ ያስረክባል። ተቀባዩም ሐዋሳ ገብቶ ንጉሥ ሆኖ፣ በልቶ ጠጥቶ፣ ተሸናፊውን በስድብ ይሞሽረዋል። ይኼን ጨዋታ «የልጅ አእምሮ ይበርዛል» ብሎ ያገደ የወላጅ ኮሚቴ ሰምቼ አላውቅም። እንደኔ እንደኔ፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ አንድሬ ብረቶን እ.ኤ.አ. በ1924 ፓሪስ ላይ የሰርሪያሊዝምን፣ ማለትም ማግሪትም የነበረበትን፣ የታወቀውን ነገር እንደ ሕልም እንግዳ አድርጎ የሚያሳየውን የጥበብ እንቅስቃሴ ማኒፌስቶ ሲያወጣ የኛ አያቶች ምድጃ ዳር ሆነው ጨርሰውት ነበር። የጎደላቸው ማኒፌስቶ ብቻ ነው። አጋነንክ የሚለኝ ካለ እንቆቅልሽ ይዞ ይምጣ።

ሰዓሊም ከፈለጋችሁ እስክንድር ቦጎሲያን አለላችሁ። ፓሪስ ሆኖ ከዚሁ ከሰርሪያሊዝም ጠጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመልሶ አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረው። እሱም የኛ አይደለም በሉና ልስማ።

መምህሩ ለወላጅ ቀድሞ ቢናገር ጥሩ ነበር፤ እሺ። ከዚህ በላይ አልሰጥም።

የእህቴን ልጅ ማታ ስለ ሥዕሉ ጠየቅኳት። ግራ ተጋብታ እንደሆነ ላውቅ ነው። ትንሽ አሰበችና «ማሚ እሁድ እሁድ ስታበጥረኝ ማበጠሪያው እንደዛ ነው የሚያክለው» አለችኝ። ጸጉሯ ከርዳዳ ነው፤ እህቴ ደግሞ እጇ ከባድ ነው። በሁለት ጉልበቷ መሀል ትይዛትና ልጅቷ ሰማይ እስኪታያት ትጎትታታለች። የአልጋውን ግዝፈት በዚያች ሰዓት ማን ያስበዋል? በዚያ ስብሰባ ላይ ሥዕሉን እንደሷ ያየ ሰው አልነበረም። እኔም ጭምር። እኔ «ምናብ» ምናምን እያልኩ ስከራከር ነበር። እሷ የሥዕሉን ስም ሳታውቅ ፈታችው፤ አገር መስጠት አላስፈለጋትም።

ሰኞ ስሸኛት መምህሩን በር ላይ አገኘሁትና ሥዕሉ የት እንደገባ ጠየቅኩት። ተጠቅልሎ ዳይሬክተሩ ቢሮ ቁምሳጥን ላይ ተቀምጧል፣ ልክ እንደ መላጫ ብሩሹ።