«የት ነህ?» ስትለው ለምን ዝም ይላል

የማውቃት ሴት አለች፣ ባሏ ወታደር ነው፣ ግዳጅ ከወጣ ወራት አልፎታል። ሰሞኑን ተገናኝተን ብሶቷን አፈሰሰችው። «እኔ ሚስቱ አይደለሁም እንዴ? የት ነህ ስለው 'ስራ ላይ ነኝ'፣ መቼ ነው የምትመጣው ስለው 'እናያለን'፣ ሰላይ አደረገኝ እኮ!» አለችኝ። ሲደውልላት የሚያወሩትንም ነገረችኝ። ከጀርባው የሆነ ነገር ያጓራል። «ምንድነው የሚጮኸው?» ትለዋለች። «ጄኔሬተር ነው» ይላታል። ጄኔሬተር እንዳልሆነ እሷ ታውቃለች፣ እንደምታውቅበት ደግሞ እሱ ያውቃል፣ ከዛ ሁለቱም ዞር ብለው ስለ ልጃቸው ጥርስ ያወራሉ።

ቅሬታዋ ይገባኛል፣ ግን እሱ ልክ ነው። ጥፋተኛ ካለ ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ እመጣበታለሁ።

ብዙ ሰው የወታደር ምስጢር ሲባል የሚመጣለት ካርታ፣ የማጥቃት እቅድ፣ ቀይ ማህተም ያለበት ወረቀት ምናምን ነው። ወታደሩ ለቤቱ ሊያወራው የሚችለው ግን እንደዛ አይደለም፣ ተራ ወሬ ነው። «ከሐሙስ በኋላ ስልኬ ላይሰራ ይችላል አታስቢ።» «የብርድ ልብስ አደሉን።» «ያ አብሮኝ የሰለጠነው ልጅ ያለበት ክፍል ትናንት እኛ ጋ መጣ።» «ሶስት ቀን ሆነን ስንቅ አልደረሰንም።» በቃ፣ ሚስት ይሄን ሰምታ ምን ታደርገዋለች? ምንም። ግን ሊሰማ የማይገባው ሰው እጅ ከገባ የመጀመሪያው ወሬ የሚንቀሳቀሱበትን ቀን ይናገራል፣ ሁለተኛው ወዴት አካባቢ እንደሚሄዱ ይጠቁማል፣ ሶስተኛው ተጨማሪ ጦር መድረሱን፣ አራተኛው ደግሞ መንገዱ መዘጋቱን ወይ መኪና ማለቁን። መረጃ የሚሰበስብ ሰው የሚፈልገው ትልቁን ምስጢር የሚነግረው አንድ ከሃዲ አይደለም፣ ከአስር ቤት የወጣች አስር ቁራጭ ወሬ ትበቃዋለች። ሚስት ደግሞ ጨንቋት ለእህቷ ትነግራለች፣ እህት ለባልደረባዋ፣ ባልደረባዋ «የጓደኛዬ እህት ባል እኮ...» ብላ የሆነ ግሩፕ ላይ ትጽፋለች። ማንም ክፉ አላሰበም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር ወታደሩ ራሱ የቱ ወሬ አደገኛ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። እሱ የሚያየው የራሱን ምሽግና የራሱን መቶ አለቃ ነው፣ ከጎን ያለው ክፍል ነገ ምን እንደሚሰራ አልተነገረውም። ስለዚህ «አመዛዝነህ ተናገር» የሚባል መመሪያ አይሰራም፣ ምኑን ከምኑ ያመዛዝን? ለዛ ነው ክልከላው ሞኝነት እስኪመስል ድረስ ሰፍቶ የሚሰመረው።

አዲስ ነገርም አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች የሚታደላቸው ፖስትካርድ ነበር፣ ላዩ ላይ አረፍተ ነገሮቹ ታትመው ያለቁ ናቸው፦ ደህና ነኝ፣ ሆስፒታል ገብቻለሁ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል፣ እንዲህ እንዲህ። ወታደሩ የማይመለከተውን ይሰርዝና ቀንና ፊርማ ያኖራል፣ በቃ፣ ሌላ ቃል ከጨመረበት ካርዱ ይወገዳል የሚል ማስጠንቀቂያም እዛው አለ። እንግዲህ አስቡት፣ ከምሽግ ውስጥ ለእናትህ የምትልከው ናፍቆት በስርዝ ነው። ጨካኝ ይመስላል፣ ግን ያ ካርድ ሳንሱር የሚያደርግ መኮንን ስለማያስፈልገው ከደብዳቤ ፈጥኖ ይሄድ ነበር፣ እናትየዋም ቢያንስ በህይወት መኖሩን ታውቃለች።

የዛሬው ችግር ወታደሩ ዝም ቢልም ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ዝም አለማለቱ ነው። በ2010 (እኔ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አንድ የእስራኤል ወታደር ፌስቡክ ላይ ረቡዕ እለት የሆነች መንደር ገብተን እናጸዳለን ሐሙስ ቤታችን ነን ብሎ ስታተስ ለጠፈ፣ የመንደሯን ስም ሳይቀር። ጓደኞቹ ራሳቸው ለአለቆቹ ጠቆሙ፣ ዘመቻው ተሰረዘ፣ ልጁ 10 ቀን ታሰረ። እሱ እንግዲህ ለጠላት አልጻፈም፣ ቤቴ ልገባ ነው የሚል የደስታ ወሬ ነው የጻፈው። ከዛ በፊት በ2007 ኢራቅ ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮች አዲስ የገቡ ሄሊኮፕተሮችን ፎቶ አንስተው ኢንተርኔት ላይ ጫኑ፣ ፎቶው ውስጥ የተነሳበት ቦታ ልክ ተመዝግቦ ነበርና ጠላት አራት አፓቼዎችን በሞርታር እንዳወደመ ጦሩ ራሱ በኋላ ተናግሯል። ፎቶውን ላይክ ያደረገ ዘመድ ይሄ ሁሉ ውስጡ እንዳለ በምን ያውቃል?

ስትራቫም አለ፣ ሯጮች የሮጡበትን መንገድ የሚመዘግቡበት አፕ። በ2017 መጨረሻ ተጠቃሚዎቹ የሮጡበትን ሁሉ በአንድ ካርታ ላይ በብርሃን አውጥቶ ለቀቀው፣ በጥር 2018 ሰዎች ልብ ብለው ሲያዩት አፍጋኒስታንና ሶሪያ ውስጥ፣ ጨለማ በሆነ በረሃ መሃል፣ አራት ማዕዘን የብርሃን መስመር ይታያል። ምንድነው? ጠዋት ጠዋት የካምፑን አጥር ዙሪያ የሚሮጡ ወታደሮች። ማንም አንድ ቃል አልተናገረም እኮ፣ እጃቸው ላይ ያሰሩት ሰዓት ነው የተናገረው! ፔንታጎን፣ ማለትም የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ በዛው ዓመት ነሐሴ ላይ ግዳጅ ቀጠና ያለ ሰው ሎኬሽን የሚያሳይ ነገር እንዳይጠቀም ከለከለ።

ሩሲያ በያዘቻት የዩክሬን ከተማ በማኪይቭካ የሆነውን ደግሞ ለብቻው ማንሳት አለብኝ፣ ምክንያቱም ሁለት ፊት አለው። የ2023 አዲስ ዓመት እኩለ ሌሊት ሲያልፍ የዩክሬን ሮኬቶች የሩሲያ ወታደሮች ያረፉበትን የሙያ ትምህርት ቤት ህንጻ መቱ። የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር 89 ሰው ሞቶብኛል አለ፣ ዩክሬን ቁጥሩ ከዛ በብዙ ይበልጣል ትላለች። ሚኒስቴሩ ዋናውን ምክንያት ሲናገር ወታደሮቹ ተከልክለው እያለ በብዛት ስልክ መጠቀማቸው ነው አለ። በአዲስ ዓመት ሌሊት ቤት መደወል ማለት ነው፣ ማን አይደውልም? ግን የዛኑ ሰሞን የሩሲያ የጦር ብሎገሮች ሳይቀሩ ቆይ እንጂ አሉ፣ ያን ሁሉ ሰው አንድ ህንጻ ውስጥ፣ ያውም ጥይት በተከማቸበት አጠገብ፣ ያጎረው ማነው? ልክ ናቸው። ስልክ ይገድላል፣ ግን «ስልክ ነው የገደላቸው» የሚለው አባባል ለአለቃ ምቹ መደበቂያም ይሆናል።

ቤተሰብን በጣም የሚያሳብደው ግን ዝምታው በድንገት ሲመጣ ነው። ትናንት ያወራ ሰው ዛሬ ኦንላይን የለም፣ ጓደኛውም የለም፣ የሰፈሩ ሚስቶች ሁሉ እርስ በርስ «ያንቺስ ደወለ?» እየተባባሉ ነው። አንዳንዴ ምክንያቱ ይሄ ነው፦ አንድ ሰው ሲሞት ወይ ክፉኛ ሲቆስል ካምፑ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም ይቆረጣል፣ የአሜሪካ ጦር ውስጥ «ሪቨር ሲቲ» ይሉታል። የሟች ሚስት መርዶውን በወጉ ከተላከ ሰው እንድትሰማ፣ ከጎረቤት ሜሴጅ «ነፍስ ይማር» የሚል እንዳይደርሳት ነው። ስለዚህ አንቺ ቤት የደረሰው ዝምታ ለሌላ ሴት ክብር የተቆረጠ ስልክ ሊሆን ይችላል። ሲከፈት ደግሞ የእሱ ድምጽ ይመጣል፣ «ኔትወርክ አልነበረም» ይልሻል፣ አንቺም «እሺ» ትያለሽ፣ የሆነ ሌላ ቤት ግን «እሺ» የሚባለው ሰው የለም። እኔ በዚህ ዝምታ ላይ የሚከራከር ሰው አይገባኝም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ይሄ ክልከላ ወደታች ብቻ ነው ጥርስ ያለው። በ2025 መጋቢት የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ፒት ሄግሴት የመን ላይ ሊፈጸም ስለነበረ የአየር ጥቃት ሲግናል በሚባል የሜሴጅ አፕ፣ ባለስልጣናት ባሉበት ግሩፕ ላይ ሲጽፍ፣ ግሩፑ ውስጥ በስህተት የገባ የመጽሔት አዘጋጅ ነበር፣ ዓለም ሰማው። ከዛ ኒውዮርክ ታይምስ እንደዘገበው ሚስቱና ወንድሙ ያሉበት ሌላ ግሩፕም ነበር፣ እዛም አውሮፕላኖቹ የሚነሱበት ሰዓት ተጽፏል። ፔንታጎን ምስጢር አልወጣም ብሎ ተከራከረ። ይሁን። ግን ተራ ወታደር ለሚስቱ የሚነሳበትን ሰዓት ቢጽፍ «ምስጢር አይደለም» የሚልለት ቃል አቀባይ አለው? ያቺ የማውቃት ሴት የተናደደችው በዚህ ቢሆን አብሬያት እናደድ ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ጦሩ ቤተሰብን ቁጭ አድርጎ አያስረዳም፣ ቢያስረዳም ወረቀት አንብቦ ያስፈርማል። ወታደሩ ስልጠና ተሰጥቶት ሚስት ጋ ሲደርስ «አትጠይቂኝ» ብቻ ሆኖ ይደርሳል። ይቺን ከላይ ያልኳትን፣ የስልክ መቆረጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግራት ስንት ሌሊት ትተኛ ነበር። የመመለሻ ቀንም እንደዛው ነው፣ ቀን የማይነገረው ለጠላት ብቻ ተፈርቶ አይደለም፣ ቀኑ ስለሚቀየር ነው፣ ልጅ ካላንደር ላይ አክብቦ ከጠበቀ በኋላ ሲራዘም ማን ያስረዳዋል?

የማይረዱት ዝምታ ለአጭበርባሪም በር ይከፍታል። «ወታደር ነኝ፣ የት እንዳለሁ መናገር አልችልም፣ ቪዲዮ ኮል አይፈቀድም» እያለ በሰረቀው ፎቶ ሴት የሚያፈቅር ሞልቷል፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ለእረፍት ፈቃዴ ክፍያ ላኪልኝ ይላል። ወታደር ለእረፍቱ አይከፍልም፣ አለቃውም ከፍቅረኛው ገንዘብ አይቀበልም። እውነተኛው ወታደር ቦታውን ይደብቅሻል እንጂ ሂሳብ ቁጥር አይልክልሽም።

ለዛች ሴት ይሄን ሁሉ አልነገርኳትም፣ የስልኩን መቆረጥ ብቻ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ በኮድ ብንግባባስ? ዝናብ አለ ካለኝ...» ስትል ሳቅኩ፣ እሱም ያው ነው፣ ሳንሱር አድራጊዎች በደብዳቤ ዘመንም የሚፈልጉት እሱን ነበር አልኳት። እሷም ሳቀች።

ባለፈው እሁድ ደውሎ ነበር አለችኝ። ከጀርባው አሁንም የሆነ ነገር ያጓራል። «ጄኔሬተሩ ደህና ነው?» አለችው። «ደህና ነው» አላት።