ውሸት እኮ ነው!

ባለፈው ቅዳሜ ጸጉር ቤት ነኝ። ግማሽ ጺሜ ተላጭቷል፤ ግማሹ አረፋ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የድሮ "ሮው" ከፍቷል፤ ያ ሰኞ ሰኞ የሚታየው የአሜሪካኖች ሬስሊንግ። መብራቱ ድርግም አለ። ደወሉ ተደወለ። አንደርቴከር የሚባለው ታጋይ በጥቁር ኮቱ፣ ቀብር እንደሚሄድ ሰው ቀስ እያለ ወደ ሪንጉ መጣ። ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቀረ። እኔም የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ፣ በሰው መሃል ተጣብቄ የተቀመጥኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ይሄኔ ወረፋ ከሚጠብቁት አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ምን እንዳሉ ታውቁታላችሁ። እናንተም ሰፈር አሉ።

"ይሄ እኮ ውሸት ነው!"

ኧረ እግዜር ይስጥልን! እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? እኔ እኮ ሰውዬው እውነት ሞቶ የተነሳ መስሎኝ ነበር። ከነሕይወቱ ሲቀበር አይቼ፣ ከዚያ ደግሞ ድንገት ብቅ ሲል፣ ዕድሩ የከፈለውን ገንዘብ እንዴት ያስመልስ ይሆን ብዬ ስጨነቅ ነው የኖርኩት።

ሊቁ በዚህ አላበቁም። ሊቅ መቼ በአጭሩ ያበቃል? ቡጢው እንደማይነካ፣ ወለሉ ፍራሽ እንደሆነ፣ ማን እንደሚያሸንፍ ቀድመው እንደተነጋገሩ አስረዱን። ፍራሽ ያሉት ስስ ስፖንጅ መሆኑን፣ ከሥሩ ጣውላ፣ ከጣውላው ሥር ብረት መኖሩን ግን አላነሱም። ዝርዝር የተራ ሰው ሥራ ነው።

ምርምራቸውም ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 የሬስሊንጉ ባለቤቶች ራሳቸው ለኒው ጀርሲ ሴኔት የእኛ ነገር መዝናኛ እንጂ ውድድር አይደለም ብለው ተናዝዘዋል። ጽድቅ ፈልገው አይደለም፤ ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ከግብር ለማምለጥ ነው። "ሮው" ደግሞ ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ሴንተር ውስጥ የጀመረው በጃንዋሪ 1993 ነው። ፕሮግራሙ ሲወለድ ምስጢሩ አራት ዓመት ሊሞላው ደርሶ ደጅ ይጫወት ነበር ማለት ነው። ሊቁ ባለፈው ቅዳሜ ደረሱበት።

ሳስበው ሳስበው፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ሬስሊንግ ላይ ብቻ መባከን የለበትም። ሰርግ ላይ ነው የሚያስፈልገን።

እስቲ አስቡት። ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ደጅ ደርሷል። የሙሽሪት እህቶችና ጓደኞች በሩን ዘግተው "አናስገባም!" እያሉ ነው። ከበሮው ይመታል። ሊቁ ከድንኳኑ ጥግ ብድግ ይላሉ። "ይሄ እኮ ውሸት ነው! ማስገባታቸው አይቀርም። ተነጋግረው ነው።" ሚዜው ሽቶ ይረጫል። "ሽቶውን አትመኑ፤ ትናንት የተገዛ ነው።" ልጆቹ ይገፋፋሉ። "አያችሁ? ክርኗ እንኳ አልነካውም!" ሚዜው ብር ያወጣል፤ አነሰ ይባላል፤ ይጨምራል። "ጭማሪው በግራ ኪሱ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ሳየው ነው የዋልኩት።" በሩ ይከፈታል፤ እልልታው ይቀልጣል። ሊቁ "አላልኳችሁም?" ብለው ቁጭ ይላሉ።

ቆይ፣ ገና ነው። ከዚያ በፊት ሽምግልናው አለ። ሽማግሌዎቹ ተነስተው ልጃችሁን ለልጃችን ይላሉ። አባትየው ጉዳዩን ዛሬ እንደሰማ ሰው ግንባራቸውን ቋጥረው "እንግዲህ እንመካከርበት፤ ተመልሳችሁ ኑ" ይላሉ። ሊቁ ከሶፋው ጫፍ "ምን ይመካከራሉ! ጠላው ተጠንስሶ የለም እንዴ? ሸተተኝ እኮ!" እናትየው ልጃቸውን ሲሸኙ ያለቅሳሉ። ሊቁ ጠጋ ብለው እንባውን ይመረምራሉ። "ልጅቷ የምትገባው እኮ ሁለት ፌርማታ አልፎ ነው።" ሙሽሮቹ ኬክ ይጎራረሳሉ። "ቤታቸው እንዲህ አይጎራረሱም።" ቪዲዮ ቀራጩ "አልተያዘልኝም፣ እስቲ እንደገና ግቡ" ሲል ብቻ ሊቁ ዝም ይላሉ። ክራባታቸውን አስተካክለው አብረው እንደገና ይገባሉ።

ለመሆኑ ውጤቱን ማወቅ ጨዋታ ያበላሻል ያለው ማነው? ጃንዋሪ 4 ቀን 1999 ተፎካካሪው የሬስሊንግ ፕሮግራም "ናይትሮ" የሊቁን ዘዴ ሞክሮታል። የዚያን ሰኞ "ሮው" ቀድሞ የተቀረጸ ነበር፤ "ናይትሮ" ደግሞ በቀጥታ ይተላለፋል። እናም የ"ናይትሮ" አስተላላፊ፣ እዚያ ማዶ ማንካይንድ የሚባለው ታጋይ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን እንደሚወስድ ለተመልካቹ ተናገረ፤ አሾፈበትም። ተመልካቹ ምን አደረገ? በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሪሞቱን አነሳና ወደ "ሮው" ዞረ። አሸናፊው ተነገረው፤ ሲያሸንፍ ሊያይ ሄደ።

ማንካይንድ የሚባለው ሚክ ፎሊ ነው። ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ከብረት አጥር ጣሪያ ላይ፣ አምስት ሜትር ያህል፣ ወደ ታች ጠረጴዛ ላይ ተወርውሯል። የዚያን ማታ የተሰበረ ጥርሱ አፍንጫው ውስጥ ገብቶ ታይቷል። መወርወሩን ተነጋግረውበታል። ጥርሱን ያናገረው ግን የለም።

ሌላው ታጋይ ኦውን ሃርትስ? ሜይ 23 ቀን 1999፣ ካንሳስ ሲቲ። ከአዳራሹ ጣሪያ ታስሮ ወደ ሪንጉ ሊወርድ ነበር። መያዣው ተፈታ። ከ20 ሜትር በላይ ወድቆ ሞተ። 34 ዓመቱ ነበር፤ የሁለት ልጆች አባት። አዳራሹ ውስጥ ለነበረው ሕዝብ መሞቱ አልተነገረውም። ትርኢቱ ቀጠለ። በማግስቱ ሰኞ "ሮው" ላይ እነዚያ ግዙፍ ሰዎች ስለ እሱ ለመናገር አፋቸውን ሲከፍቱ ድምፃቸው እንቢ አላቸው። ይሄንንም አንስቼላቸው ነበር፣ ለሊቁ። "እሱም ድራማ ይሆናል" አሉኝ። ደሜ ፈላ! ሰው ወገቡን ሰብሮ እንጀራውን ሲበላ፣ እግር ዘርግቶ ውሸት ነው ማለት ምን ይባላል? ውሸት ከሆነማ ማንም አልተጎዳም። ማንም ካልተጎዳ ማንም አይጠየቅም። ይሄ አይደል የሚፈለገው?

ይቅርታ። ምስጋና ላይ ነበርኩ።

አረፋው ጺሜ ላይ ደርቆ ሳለ የሊቁ ስልክ ጮኸ። ገልጠው አይተው ፈገግ አሉና ለአስተካካዩ አሳዩት። በሁለት ወር ገንዘብ እጥፍ የሚያደርግ መተግበሪያ ነው። "እኔ ገብቼበታለሁ፤ ሰው ብታመጣ ደግሞ ጉርሻ አለው። ይሄ እንኳ ውሸት የለውም" አሉት። አስተካካዩ ምላጩን ውሃ ውስጥ ነክሮ "እሺ ጋሼ" አለ።

የእህቴ ልጅ በጥር ታገባለች። ሊቁንም ጠርቻቸዋለሁ፤ እንደሚመጡ ነግረውኛል። በር ላይ ከሚቆሙት ልጆችም ጋር ተነጋግሬያለሁ። ለሙሽራው እንደ ደንቡ ነው። ለሊቁ ሲሆን ግን "አናስገባም" የሚሉት ከምራቸው ነው።